አፍ ከፍቶ «ና» ማለት

ባለፈው ሳምንት ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ገበያ በምትወርድ ባጃጅ ተሳፍሬ ነበር። ሾፌሩ በስልኩ አንድ የቆየ መዝሙር ከፈተ። ልጁ ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም፤ መዝሙሩ በዕድሜ ሳይበልጠው አይቀርም። ከካሴት ወደ ስልክ ማን እንደገለበጠው አላውቅም፣ ጭረቱ ሳይቀር አብሮ ተገልብጧል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አደላድላ «ይሄ ሰውዬ ሲዘምር ቃሉ እንዴት ጥርት ብሎ ይሰማል» አለችኝ። የሰውየውን ድምፅ አውቀዋለሁ። አፉን በስንት ጣት ልክ እንደከፈተው እንኳ አውቃለሁ። በዚያ ልክ እንድከፍት እኔም አንድ ክረምት ሙሉ ተቀጥቅጫለሁ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለት ሦስት ዓመቱ ነው። እጃጂ እንኖር ነበር፣ እኔና እናቴ። ኦቦ ፈይሳ የሚባል ሰው በሚነዳት አሮጌ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበርኩ። በር ላይ ተንጠልጥዬ ከእጃጂ አምቦ፣ ከአምቦ እጃጂ። ፊደል አልቆጠርኩም። ረዳት ለመሆን ፊደል አያስፈልግም፣ ጉሮሮ ነው የሚያስፈልገው። ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ጉተማ ነበር፤ ከእኔ በፊት በዚያው በር ላይ የሚንጠለጠለው እሱ ነበር። ኋላ ለውትድርና ወሰዱትና ወደ ሰሜን ሄደ። ጦሩ ሲበተን የሰፈሩ ልጆች አንዳንዶቹ በእግር፣ አንዳንዶቹ እየለመኑ ተመለሱ። ጉተማ አልመጣም። ሞቷል ብሎ የሚነግረን ሰውም አልመጣም፤ እናቴን የገደላት ይሄኛው ነው።

የረዳት ጥሪ የራሱ ሕግ አለው። አፉን ሞልቶ «አምቦ» የሚል ረዳት የለም። «ምቦ ምቦ ምቦ ምቦ» ነው። መንገዳችን ላይ ያለችው ጌዶም «ግዶ ግዶ ግዶ» ነች። አናባቢውን ትበላዋለህ፣ ድምፁን በአፍንጫህ ትለቀዋለህ፤ እንደዚያ ካላደረግህ እስከ ቀትር ድምፅ አይኖርህም። ጉተማ «አፍህን ከከፈትክ አቧራ ትበላለህ፣ በአፍንጫህ ጥራ» ይለኝ ነበር። እናቴ ቤት ውስጥ የምታወራን በኦሮምኛ ነው፤ ኦሮምኛ ደግሞ አናባቢን ማስረዘም ያውቃል። በቤቴ ቋንቋ አፌ ክፍት ነበር። የዘጋው መናኸሪያ ነው።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በኳየር እዘምር ነበር። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ከኋላ ያቆሙኛል። አንድ ቀን መምህር ሳሙኤል መጣ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተመደበ ቀጭን ሰው ነው፣ አዲስ አበባ ሳለ የመዝሙር ትምህርት ቀስሟል። በመጀመሪያው ልምምድ ከኪሱ ትንሽ የጢም መላጫ መስታወት አወጣና በተራ እየሰጠን «አፋችሁን እዩ» አለን። ለ«ኣ» ሁለት ጣት በጥርሳችሁ መሀል ይግባ፤ ለ«ኦ» ከንፈራችሁ እንደ እንቁላል ይክበብ፤ ለ«ኡ» እንደ ፉጨት ይሹል። ሳድሷ «እ» ደግሞ እርግማን ናት፤ ስታስረዝማት ጉሮሮ ውስጥ ትሞታለች፣ ወይም ደግሞ ወደ «ኤ» ሸሽታ ቃሉን ታበላሸዋለች። ሌሎቹ ወረቀታቸው ላይ ምልክት ያደርጋሉ። እኔ ከመስታወቷ ሌላ ምን አለኝ?

እኔ ጋ ሲደርስ አስቆመኝ።

«ድሪባ፣ መዝሙር ነው ወይስ ተሳፋሪ ነው የምትጠራው?»

ኳየሩ ሳቀ።

«ስማኝ። ቃልን ቤት አድርገህ እየው» አለ። «ተነባቢው በሩ ነው፣ አናባቢው ውስጡ ነው። አንተ በሩን ጓ አድርገህ ከፍተህ እዚያው ትቆማለህ። ሰው በር ላይ አይኖርም።»

«እኔ እኮ በር ላይ ነው የምኖረው፣ መምህር» አልኩት።

እሱም ሳቀ። ግን አልለቀቀኝም። ሰውየውን አልወደውም ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ነገር ግን እውነቱን ነው። ያልተከፈተ አናባቢ ከሁለተኛው አግዳሚ ወንበር አያልፍም። ሙሉ ኳየር አንድ ዓይነት አፍ ሲከፍት ደግሞ ሰላሳ ሰው እንደ አንድ ትልቅ ሰው ይሰማል። «አንድ አፍ ሁኑ» ይል ነበር። አንድ አፍ መሆን ምን እንደሚያስከፍል ያኔ ማን አሰበው።

ካሴት እናወጣለን ተባለ። ከመዝሙሮቹ አንዱ ከቤት ስለጠፋ ልጅ የሚናገር ነበር፤ አዝማቹ «በሩ አልተዘጋም፣ ና» ይላል። «ና»ዋ ትረዝማለች፤ ኳየሩ ዝም ይልና አንድ ሰው ብቻውን ይወጣባታል። መምህሩ ሁላችንንም ሞክሮ ለእኔ ሰጠኝ። «ድምፅ አለህ፤ አፍ ነው የሚጎድልህ» አለ።

ለእናቴ ነገርኳት። ሽንብራ እየለቀመች ነበር፣ እጇን አቆመች።

«ካሴት በመኪና ውስጥ ይከፈታል፣ አይደል?»

«ይከፈታል።»

«መቀሌም?»

«መኪና በሄደበት ሁሉ።»

«እንግዲያው ይሰማዋል። የወንድሙን ድምፅ ከሰማ ይመጣል። ያቺን ‹ና› የምትላትን አስረዝምልኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ጉዳዩ የመዝሙር አልነበረም። ሌሊት ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እናቴ ነቅታ ጉተማን ታስባለች፣ ጠዋት ከጓሮ ቆሜ ሁለት ጣቴን ጥርሴ መሀል እየከተትኩ «ናኣኣ» እላለሁ። ጎረቤት መጀመሪያ የታመምኩ መስሎት ነበር። ልማዱ መኪና ላይም ተከተለኝ። አንድ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ አፌን ከፍቼ «ኣምቦኦኦ» አልኩ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ «ዛሬ ደግሞ ጉባኤ ነው እንዴ?» አለች። ኦቦ ፈይሳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «አንተ ስሟን ዘምረህ እስክትጨርስ ያኛው መኪና ሞልቶ ሄደ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሄዷል።

ለቀረጻው መስከረም ላይ ወደ አምቦ ወረድን። ኦቦ ፈይሳ ለእኔ ሲል ሙሉ ቀን ሊጠብቀን ተስማማ። ከዋዜማው ጀምሮ በጾም ጸሎት ነበርን፤ የእኛ ወግ ነው፣ ትልቅ ነገር ሳንጾም አንጀምርም። ጉደር ላይ መኪናው ሲቆም ልጆች ጥብስ በቆሎ በመስኮት አቀረቡልን፤ ማንም አልገዛም። ከቤት ስወጣ እናቴ «አምቦ ስትደርስ ያንን የሚፈላ ውሃ ጠጣ፣ ደረት ይከፍታል» ብላኝ ነበር።

ቦታው ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና ሰሌን ተሰቅሏል። ይሞቃል፣ የሰው ላብና የአሮጌ ሱፍ ሽታ አለው። የሚቀዳው ሰውዬ የቴፑን ቀይ መብራት አበራ። ጀመርን። ኳየሩ «በሩ አልተዘጋም» ብሎ ዝም አለ፣ እኔ አፌን ከፈትኩ።

መጣች። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ጓሮ ውስጥ አንድም ቀን እንደዚያ መጥታ አታውቅም። ከሆዴ ተነስታ አፌ ውስጥ ምንም ሳያግዳት ወጣች፣ ክፍሉ ጠበባት። የመምህሩ እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። አጠገቤ የቆመው ቶሎሳ፣ የግብርና ቢሮ ጸሐፊ፣ ዓይኑን ጨፈነ። በሕይወቴ አንድ ነገር በትክክል የሠራሁት ያኔ ነው። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

«መብራት ሄደ» አለ ሰውየው፣ ዝናብ ዘነበ እንደማለት።

መምህሩ «እስካሁን ያለውስ?» አለ።

«አይሆንም። ቴፑ እየዘገመ ነው የቆመው። ከመጀመሪያው ነው።»

ውጪ ወጥተን ግድግዳ ጥግ ተቀመጥን። ማንን ትናገራለህ? ፀሐዩ ከረረ፣ የክረምቱ ጭቃ መሰንጠቅ ጀምሯል። መምህሩ ጉሮሮአችን እንዳይደርቅ ብሎ ውሃ ፈቀደ። እኛ ከእጃጂ የመጣነው ሁሉ ወደ ምንጩ ሄድን፤ የሚፈላ ውሃ ለዘማሪ መድኃኒት ነው ብለን። ቶሎሳ ብቻ «ሆድ ይነፋል» ብሎ ቀረ። እኔ የእናቴን ቃል አስቤ በጣሳ ደጋገምኩት፣ ከትናንት ጀምሮ ባዶ በነበረ ሆድ።

መብራቱ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ሰውየው ያቺን የተበላሸችውን አሰማን፤ የእኔ «ና» መጨረሻዋ ላይ እየቀጠነች እየቀጠነች የጫጩት ጩኸት ሆናለች። ሳቅን፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አጠፋትና በላይዋ ላይ መቅዳት ጀመርን። አፌን ለ«ና» ስከፍት ግሳት ቀደመኝ። እንደገና። ግሳቱን ላፍን ብዬ ጥርሴን ገጠም ሳደርግ «ና» በአፍንጫዬ ወጣች።

«መናኸሪያ ገባህ» አለ መምህሩ፣ ቀስ ብሎ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እንደገና። ያው። አፌ የእኔ አልነበረም። ውጪ ኦቦ ፈይሳ ጥሩንባ ይነፋል፣ መሽቶበታል።

«ቶሎሳ፣ አንተ ያዛት።»

«ድሪባ አንዴ ይድገማት፣ መምህር» አለ ቶሎሳ። ክፉ ሰው አይደለም።

«ሰዓት የለም።»

ቶሎሳ ያዛት። በአንድ ጊዜ አወጣት፣ በሁለት ጣት ልክ፣ ምንም አልጎደላትም። እኔ ከኋላ ሆኜ «በሩ አልተዘጋም» አልኩ።

ካሴቱ ለገና ደረሰ። ጎረቤት ካለ ቴፕ ላይ ከፈትነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከቴፑ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ እንግዳ እንደምትቀበል። «ና»ዋ ስትመጣ እንባዋ ወረደ።

«ኢልመ ኮ» አለች። ልጄ ማለቷ ነው።

«እኔ አይደለሁም፣ እማ። ቶሎሳ ነው።»

«ሂድ ወዲያ።»

«እውነቴን ነው። እኔ ከኋላ ነኝ።»

«ክረምቱን ሙሉ እዚህ ጓሮ ውስጥ እንዲህ አይደል ስትል የከረምከው? የልጄን አፍ አከፋፈት አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ቶሎሳን ራሱን አምጥቼ አስነገርኳት። ቡና እንዲጠጣ ለመነችው፣ «ልጄ ትሕትና አብዝቶ ነው» አለችው። ቶሎሳ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ኦቦ ፈይሳ ያንን ካሴት በየጉዞው እንዲከፍት አስማለችው። ወደ አዲስ አበባ ለሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ቅጂ እንድሰጥ ታዘኝ ነበር፣ አንዳንዱም ተቀብሎኛል። መንገዱ ዳር ቆማ ከምዕራብ የሚመጣውን ሳይሆን ከአምቦ በኩል የሚመጣውን መኪና ትጠብቃለች። ስትሞትም ድምፄ ያልደረሰበት አገር ቀርቶ ይሆናል እያለች ነው የሞተችው።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ጢሜ ውስጥ ሽበት ከገባ ወዲህ፣ በማታ ትምህርት። መምህሯ ወጣት ናት። በዘንግ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለች ስታሳየን ሌሎቹ ጎልማሶች ዓይናቸው እየፈዘዘ ተቸገሩ፣ የእኔ አፍ ግን ቀድሞ ያውቃቸው ነበር፤ እያንዳንዷን ከመስታወት ላይ አይቻታለሁ። መምህሯ «ጎበዝ ነህ፣ የት ተማርክ?» አለችኝ። ጓሮ አልኳት።

ብዙ ጊዜ የማስበው ግን ሌላ ነገር ነው። መብራቱ ባይጠፋስ? ያቺ የመጀመሪያዋ «ና» ብትቀርስ? ጉተማ የትም ይሁን የት፣ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጦ ቢሰማት፣ የእኔ መሆኗን በምን ያውቃል? እሱ ያስተማረኝ ሌላ አፍ ነው። የምትሰማ እንድትሆን ስል የምትታወቅ እንዳትሆን አደረግኋት። እናቴ ያልለየችውን ድምፅ ወንድም ይለየዋል?

ባጃጇ ውስጥ «ና»ዋ ደረሰች። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች። መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች ሲያይ ልጁ የስልኩን ድምፅ ቀነሰና አንገቱን አውጥቶ በአፍንጫው «በያ በያ በያ በያ» እያለ መጣራት ጀመረ፤ ገበያ ማለቱ ነው። አንድም አናባቢ በደንብ አልከፈተም።

ጉተማ እዚያ ቢቆም ኖሮ ቀና የሚለው ለዚህኛው ድምፅ ነበር።