የእማማ ዘነበች ስም አልባ ተክል

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰንጋ ተራ

ዛሬ ከቤት የወጣሁት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። በካርቶን ላይ የተለጠፈ የደረቀ ተክል ይዣለሁ። የመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ዕፅዋት እንዴት እንደሚመደቡና እንደሚሰየሙ እየተማርን ነው። እያንዳንዳችን አንድ ተክል ከነሥሩ ነቅለን፣ በጋዜጣ መሐል አድርቀን እንድናቀርብ ታዘን ነበር።

የእኔን ያገኘሁት ካዛንቺስ፣ የእናቴ የድሮ ጎረቤት ከሆኑት ከእማማ ዘነበች ግቢ ነው። እናታቸው ከሶዶ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ያመጡት ነው፤ ቅቤ ሲያነጥሩ ይጨምሩታል። ኮሰረት ይመስላል፣ ግን አይደለም። እናታቸው ስሙን ሳይነግሯቸው ሞቱ።

«ስም ካለው ተጠይቆ ይገኛል» ብለው እንዳጣራላቸው ለመኑኝ። «ግን ኅዳር ላይ ነው የሚያብበው፤ እስከዚያ ታገሥ።»

ማስረከቢያው ዓርብ ነበር። ውኃ ሊያመጡልኝ ሲገቡ ነቀልኩት። ሲመለሱ እጄ ላይ አዩት። ውኃውን አቀበሉኝና «ይሁን፤ ስሙን ብቻ አምጣልኝ» አሉ።

መምህራችን አገላብጠው አዩት። «አደራረቁ ግሩም ነው። አበባ ግን የለውም፤ በቅጠል ብቻ ዝርያውን መናገር አልችልም።» ጥሩ ማርክ አገኘሁ። ካርቶኑ ግርጌ በተለጠፈው መግለጫ ላይ፣ በስሙ ቦታ «ያልታወቀ» የሚል ተጻፈ።

ሦስት ሰዓት፣ ለገሃር

እስከ ለገሃር በእግሬ ሄጄ የካዛንቺስ ታክሲ ያዝኩ፤ አንድ ብር ከሃምሳ። ካርቶኑ እንዳይታጠፍ ጉልበቴ ላይ አቆምኩት።

«ወንድሜ፣ ሰላጣ በፍሬም መሸጥ ተጀመረ እንዴ?» አለ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ። ታክሲው በሳቅ ሞላ።

«ናሙና ነው» አልኩ።

«እሺ፣ ስሙ ማነው?»

በመስኮት ወደ መስቀል አደባባይ ዞርኩ። ሯጮቹ ደረጃው ላይ እግራቸውን ያፍታታሉ።

ካዛንቺስ

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው፤ በየበሩ ቀይ ምልክት ተቀብቷል። እማማ ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ዕቃ ያስራሉ። በነቀልኩበት ቦታ ላይ የቀለም ጣሳ ተደፍቷል። ዙሪያው እርጥብ ነው።

«እያጠጡት ነው?»

«ሥር የቀረ እንደሆነ ብዬ። ስሙን አመጣህልኝ?»

«አልተገኘም፣ እማማ። አበባውን መጠበቅ ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ካርቶኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሽታው ጠፍቷል።

«በል ና፣ አፈሩን እንፈትሸው። ክር የምታህል ብትገኝ በዚህ ጣሳ ይዣት እሄዳለሁ።»

እሳቸው በማንኪያ፣ እኔ በእጄ ቆፈርን። አፈሩን በመዳፋችን እያሸን አየነው። ትሎችና የተሰበረ ስኒ አገኘን፤ ሥር ግን የለም።

እማማ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «ጎበዝ ነህ፣ የኔ ልጅ። አንዲት እንኳ አላስቀረህም።»

ካርቶኑን ልተውላቸው አልኩ። «የደረቀ ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ያን አልጋ አንሳልኝ» አሉኝ። አልጋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ ድስቶቹን አወጣሁላቸው። ጣሳው ባዶውን ግቢው ውስጥ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤት

ለመመለስ ታክሲ አልያዝኩም። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ስም የሚገኘው በትዕግሥት መሆኑን ዛሬ ገባኝ፤ እኔ ግን ዓርብን ብቻ አየሁ። ከመግለጫው ታች፣ «በቦታው ያለው ብዛት» በሚለው መስመር ላይ፣ የተማረ ሰው ለመምሰል «አልፎ አልፎ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። በእስክሪብቶ እንዲህ ብዬ አስተካከልኩ፦

«አንድ ብቻ ነበር።»