የበርበሬ በረንዳዋ ኮምፒውተር

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሶስና ላፕቶፕዋን ታቅፋ እናቴ ቤት መጣች። «አክስቴ፣ እንደ ከሰል እየጋለች ትጠፋብኛለች» አለችኝ። መፍቻ ከመፈለጌ በፊት አየር በሚወጣበት ጎን መዳፌን አኖርኩ። ሶስና ሳቀች። «ትኩሳቷን እየለካሽላት ነው?» ሶፋው ላይ የተቀመጠችው እናቴ ግን አልሳቀችም። ምን እየፈለግሁ እንደሆነ ታውቃለች።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከመርካቶው የበርበሬ ገበያ፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ስለነበር በበጋ ነፋስ የሚነሳው ብናኝ በር ቢዘጋም ይገባል፤ እንግዳ ሰው ገና ደጃፋችን ሲደርስ ያስነጥሰዋል። ሳሎናችን ውስጥ፣ ዕቃዎቿን ከመርካቶ ሱቆች አንድ በአንድ ለቅሜ በእጄ የገጣጠምኳት ኮምፒውተር ነበረች። በሰፈራችን እንዲህ ያደረገች ሌላ ሴት ልጅ አልነበረችም። አፍ አውጥቼ ባልናገረውም እኮራበት ነበር።

የመመረቂያ ሥራዬ ረጅም ስሌት ነበር። ጠዋት አስጀምሬው ወደ ትምህርት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ማሽኗን ጠፍታ አገኛታለሁ። ፕሮሰሰሯ ከልክ በላይ ሲግል ራሷን ታጠፋ ነበር። ከፈትኳት። ማራገቢያ ፋኗ ላይ የተጋገረውን ቀይ ብናኝ በቀለም ብሩሽ ስጠርግ ቤተሰቡ ሁሉ አስነጠሰ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውንም ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ጠርጌ እንደገና ስስ አድርጌ ቀባሁት። አጠገቧ ተቀምጬ ስከታተላት ሙቀቷ ንቅንቅ አይልም። ስሄድ ትጠፋለች።

አብዛኛውን ዕቃ የሸጡልን ጋሼ ሙዘይን አባቴን ሊጠይቁ መጥተው፣ እንደ ልማዷ ጠፍታ አገኟትና ጎኗን ዳሰሱ። «ይቺ ኮምፒውተር አይደለችም፣ ምድጃ ናት። ሽሮ ጣጂባት» አሉኝ። ቅዳሜ መጥተው በፋብሪካ በተገጠመች ሊለውጡልን ከአባቴ ጋር ተስማሙ። አባቴ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሳልመረቅ እንዳልቀር ሰግቶ ነው። ለእኔ ግን ያቺ ማሽን ከቤት ከወጣች፣ ሴት ልጅ ገጥማ የማይሆን ነገር ሠራች ተብሎ መቅረቱ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስሌቱን አስጀምሬ ወጣሁ፤ አውቶቡስ ግን አልተሳፈርኩም። የምትግለው እኔ በሌለሁበት ብቻ ከሆነ፣ መመርመር ያለበት እኔ በሌለሁበት የሚደረገው ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። እስከ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ከደጁ ተሳልሜ ተመለስኩ። ሳሎን ስገባ እናቴ ማሽኗን ከላይ እስከ ታች ነጭ ዳንቴል እያለበሰቻት ነበር። ለዳንቴሉ ወፍራም ገበር ሰፍታለታለች። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም የራሳቸው ዳንቴል ነበራቸው፤ ኮምፒውተሯ ብቻዋን ራቁቷን መቆሟ እናቴን ከንክኗት ኖሯል።

«በርበሬው እንዳይገባባት ብዬ ነው» አለች ደንግጣ። «ጠርዙ ስላላለቀ ሳትመጪ አነሳው ነበር። ለምረቃሽ ነበር ያሰብኩት።»

እጇን ይዤ ከማሽኗ ጀርባ አኖርኩት። ሞቃት አየር መዳፏን ነካው። ዳንቴሉን ሳለብሳት አየሩ ቀረ።

«ትተነፍሳለች እንዴ?» አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አፍኛት ነበር በይኛ።»

ያንን ሁሉ ሳምንት የደከመችበትን ልብስ በመቀስ ስትከፍተው ማየት ከበደኝ፤ እሷ ግን አላመነታችም። ገበሩን አወጣች፣ የፊቱንና የጀርባውን እንደ ቀሚስ አንገት ሰፋ አድርጋ ከፈተች፣ ጠርዙን በኪሮሽ መልሳ ያዘችው።

ቅዳሜ ጋሼ ሙዘይን ሲመጡ ማሽኗ ልብሷን እንደለበሰች ስሌቱን እያገባደደች ነበር። እጃቸውን ከኋላዋ ሰደው የሚወጣውን አየር ዳሰሱ።

«ጋሼ ሙዘይን፣ ምድጃችን አልግል ብላለች» አለች እናቴ። «ሽሮዎን ሌላ ቤት ያስጥዱ።»

አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ግን ይስቅ ነበር። ጋሼ ሙዘይንም ሳቁ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ሰኞ ሱቅ ብቅ በይ፤ አልበርድ ያለችኝ አንዲት ኮምፒውተር አለች» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በሙያዬ ከዚያች እጅግ የሚበልጡ ማሽኖችን መርምሬያለሁ። የምኮራው ግን አሁንም በዚያች ነው፤ በእጄ ስለገጠምኳት፣ ደግሞም ሕመሟን ሳገኝ ማንንም ስላላሳፈርኩ።

ያን እሑድ ሶስናን ስትሠራ ላፕቶፕዋን የት እንደምታስቀምጣት ጠየቅኋት። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አለችኝ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«አፍነሻታል» አለቻት።