የቆጮ ጨረቃዎች

ባለፈው ማክሰኞ፣ ወልቂጤ ላይ ሰማዩ ሊጥል እያጉረመረመ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሦስተኛ ክፍል ለምትማረው ልጄ የቤት ሥራ የገዛኋቸውን የፎም ኳሶች ታቅፌያለሁ፤ ትልቁ ፀሐይ፣ ትንንሾቹ ፕላኔቶች ሊሆኑ ነው። መናኸሪያው ጋ አንዲት ሴትዮ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ጥቅል ለቀቅ ስታደርገው፣ እሳት የነካው የኮባ ቅጠል ሽታ፣ ያ ትኩስ ቆጮ ሲገለጥ የሚወጣው ኮምጠጥ ያለ ሽታ ባጃጇን ሞላት። ሴትዮዋ አይታኝ «ትንሽ ልቁረስልሽ?» ስትለኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝና የከፈተውን ዘፈን ቀነሰው።

እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል ያስተማረችን ቲቸር አልማዝ ከሰሜን ሸዋ ተመድባ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ከኪሷ ጠመኔ የማይጠፋ ሴት ነበረች። መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ ነበር የሚደርሰን፤ እሷ ግን ስለ ሰማይ ስታስተምር እሱንም አስዘግታ ሜዳ ላይ ታወጣናለች። አንዴ ወፍራሙን ከማልን ቢጫ ጀሪካን አሳቅፋ መሐል አቆመችውና «አንተ ፀሐይ ነህ፣ ንቅንቅ እንዳትል» አለችው። ከማል ቃሉን የሚያከብር ልጅ ስለነበር፣ የእረፍት ደወል ተደውሎ እኛ ሳሩ ላይ ስንንከባለል፣ እሱ ብቻውን ጀሪካኑን ታቅፎ ላቡ እየተንቆረቆረ ቆሞ ተገኘ። እኔ መሬት ነበርኩ። በራሴ ላይ እየተሽከረከርኩ ከማልን መዞር ነበረብኝና ሁለተኛው ዙር ላይ አዙሮኝ አቧራው ላይ ተዘረጋሁ። ያነሳችኝ ጨረቃዬ ነበረች፤ ፊቷን ከእኔ ሳታዞር ዙሪያዬን እንድትሄድ የታዘዘችው ኑሪያ።

ኑሪያ የጎረቤታችን ልጅ ናት። በእኛና በእነሱ ጓሮ መሐል የእንሰት ተርታ እንጂ አጥር አልነበረም፤ በቅጠሎቹ ስር እየሾለክን እኔ እነሱ ቤት፣ እሷ እኛ ቤት ስንውል አደግን። አባቷ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ሳይታመሙ በፊት የረመዳን ጨረቃ ልትታይ በምትችልበት ምሽት ፀሐይ ስትጠልቅ እጇን ይዘው ሜዳው ዳር ይወስዷትና ቀጭኗን ጨረቃ መጀመሪያ ያየ ይሸለም ተባብለው ይወዳደሩ ነበር። ሁልጊዜ የምታሸንፈው እሷ ናት። እናም አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ፣ ጨረቃ ትናንት በወጣችበት ሰዓት ዛሬ እንደማትወጣ፣ በየቀኑ እየዘገየች እንደምትሄድ ለቲቸር አልማዝ ነገረቻት። ቲቸር ጠመኔዋን አስቀምጣ ትንሽ አየቻትና «አንቺ ወደፊት የኔን ቦታ ትወስጂያለሽ» አለቻት። በጓደኛዬ ኮራሁ። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ቀናሁም።

ከዚያ የቆጮው ትምህርት መጣ። ቲቸር አልማዝ ጨረቃ ከሙሉነት ወደ ግማሽ፣ ከግማሽ ወደ ቀጭን እንዴት እንደምትሄድ ልታሳየን ፈለገችና፣ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ክብ ቆጮ በኮባ ጠቅልለን እንድናመጣ አዘዘችን፤ እየገመጥን ጨረቃን እንሠራለን፣ ከዚያ እንበላታለን። የክፍሉን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ቲቸር ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እንግዳ ስለሆነች ብቻ ጉራጌ አገር ቆጮ የሌለበት ቤት ይኖራል ብላ አላሰበችም። እንሰት ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ያልደረሰውን ነቅሎ የሚበላ ቤት የመጨረሻው ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ በሹክሹክታ እንኳን የማይወራ ነውር ነው። የኑሪያ አባት ከታመሙ ወዲህ ቤታቸው እዚያ ደርሶ ነበር። ተርታው ሲሳሳ፣ ቀጫጭኖቹም ሲነቀሉ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቃኛለች፤ እሷ ራሷ በዚያው በእንሰቱ ስር የሚበላ ጥቅል እያቀበለቻቸው በማግስቱ እንኳን አታነሳውም ነበር።

ያን ዕለት እናቴ በቅቤ ያሸችውን፣ ጠርዙ በጣሳ አፍ ተቆርጦ የተስተካከለውን ቆጮ ይዤ ቀደም ብዬ ገባሁ። የክፍሉ ሁሉ ቆጮ ዴስክ ላይ ተዘርግቶ ሽታው ከጠመኔውና ከረጠበው የጭቃ ግድግዳ ሽታ ጋር ተደባልቋል። ሁላችንም እየገመጥን፣ እየተሳሳቅን፣ ግማሹ ከሚፈለገው በላይ ገምጦ ጨረቃዋን እያጠፋ፣ ቲቸር በየዴስኩ ስትዞር ቆየችና ኑሪያ ጋ ደረሰች። ኑሪያ ፊት የተዘረጋው ኮባ ባዶ ነበር። በሥርዓት ተጠርጎ፣ አራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ምንም የለበትም።

ኑሪያ ተነሥታ ቆመች። «ቲቸር፣ ይቺ የማትታየዋ ናት» አለች። «አለች፣ አትታይም እንጂ። የበራው ፊቷ ወደ ፀሐይ ዞሮ ነው።»

ቲቸር አልማዝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቅጠሉን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየችና፣ ከሁላችንም ውስጥ አራተኛዋን ጨረቃ ያሰበች እሷ ብቻ መሆኗን ነግራን አስጨበጨበችላት። የእኔን የቅቤ ቆጮ ያየው የለም። እኔ ድሮም ምላሴ ረዥም ነው። ተነሣሁና «ቲቸር፣ ውሸቷን ነው፤ ቤታቸው ቆጮ ስለሌለ ነው። እንሰታቸውን ሳይደርስ ነቅለው ጨርሰዋል» አልኩ።

ጭብጨባው ቆመ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቲቸር ስትቆጣኝ አልሰማሁም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ተቀመጪ ማለቷን ብቻ አስታውሳለሁ። ከየዴስኩ ሰብስባ ለኑሪያ የሞላ ቆጮ አስቀመጠችላት፤ ኑሪያ አልነካችውም። ባዶውን ኮባ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና እስኪለቀቅ ድረስ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። በመንገድ ላይ ከኋላዋ ሮጬ ስሟን ጠራሁ። ዞር ሳትል ሄደች።

በማግስቱ አልመጣችም። በሳምንቱ ቲቸር አልማዝ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነች፤ ልጅቷ ትምህርት አልፈልግም ብላለች ተባለች። ወር ሳይሞላ አክስቷ ከመርካቶ መጥታ ወሰደቻት። በየዓመቱ አረፋ ሲደርስና አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ወደ አገሩ ሲጎርፍ መናኸሪያ ሄጄ እጠብቃት ነበር። ሁለት ሦስቴ መጥታለች። እጄን ጨብጣ እንደ እንግዳ ሰው «ደህና ነሽ?» ትለኛለች፣ እናቴን ትጠይቃለች፣ ትሄዳለች። እኔም ይቅርታ ሳልላት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የሚመጣው ዓመት እላታለሁ እያልኩ ስንት አረፋ አለፈ።

አምና ታማ ሞተች። ለቅሶ ቡታጅራ ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ እንሰቱ እንደገና ተተክሎ ከቤቱ በላይ ቆሟል። እናቷ እትዬ ከድጃ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን አወቁኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ያዙ።

«ልጄ፣ አንቺ አብረሻት ትማሪ ነበር» አሉኝ። «ምን ሆና ነው ትምህርቱን እምቢ ያለችው? ያን ያህል እየወደደችው። ጠየቅኳት፣ ጠየቅኳት፣ አልነገረችኝም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።»

ይህን ሁሉ ዓመት ለእናቷ እንኳን አልነገረችም። ቤታቸውን ያዋረድኩ እኔ እንደሆንኩ አንድ ቃል ብትናገር፣ በእንሰቱ ስር የምትመላለሰው ጥቅል በቀረች፣ እናቶቻችን በተቀያየሙ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እሷ ግን የሰውን ጓዳ መሸፈን ታውቃለች። ያኔ ማንም ሳይጠይቀው የለፈለፈ ምላሴ፣ አሁን እናት እጄን ይዛ ስትጠይቀው ዋሸ። አላውቅም አልኳቸው። እጄን መታ መታ አድርገው ለቀቁኝ።

ማክሰኞ ማታ ከልጄ ጋር ፎሙን ቀባን፣ በክር አንጠለጠልነው። አስተማሪዋ የሰጠቻት ወረቀት ላይ የጨረቃ ክቦች አሉ፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ቀጭን፣ የመጨረሻዋ ጥቁር። ጥቁሯን በጣቷ ነክታ፣ ጨረቃ በዚህ ቀን የት ሄዳ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ኑሪያ ትምህርቷን ባታቋርጥ ኖሮ እንዲህ ያለውን ለስንት ክፍል፣ ለስንት ልጅ ታስተምር ነበር።

«አለች፣ አትታይም እንጂ» አልኳት።

ጻፈችው። ከሁለት ቀን በኋላ ቀጭን ሆና ትመለሳለች ብዬም ጨመርኩላት፣ እሱንም ጻፈች። ከዚያ ውሃ ልጠጣ ብዬ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።