የማርያም ያልሆነው ማኅበር

ሐሙስ ዕለት ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ካለፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ዛሬም ሳስታውሰው ግማሹ ያሳፍረኛል፤ ግማሹ ያኮራኛል። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራው ቢያነበው ብዬ ጻፍኩት።

የምሠራው በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ነው። በታሪክ ትምህርት ዲግሪ ቢኖረኝም ሌላ ሥራ ስላላገኘሁ ልክ እወስዳለሁ፣ ጨርቅ እቆርጣለሁ። ስምንት ሴቶች ይሰፋሉ፤ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሽማግሌ ይተኩሳሉ።

በዚያ ሐሙስ የስፌት መኪናው መርፌ ከሰፊዎቹ የአንዷን፣ የሃሊማን፣ ጣት ወግቶ እዚያው ተሰበረ። ሐኪም ቤት አድርሰናት ስንመለስ የቤቱ ባለቤት እትዬ ጽጌ፣ «ትእዛዙ የእሷን ጣት አይጠብቅም። ነገ ጠዋት ሌላ ልጅ ትቀመጣለች» አሉ። ሃሊማ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች መኪና ነው።

እኔ አፌን ከመክፈት ይልቅ ቁራጭ ካርቶን ላይ፣ «ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓት በጋሽ ወርቁ መተኮሻ ክፍል የማኅበር ስብሰባ አለ» ብዬ ጽፌ ከሰፊዎቹ ለአስቴር ሰጠኋት። የአማርኛ ፊደል ለማያውቁት እሷ አነበበችላቸው። እትዬ ጽጌ ቢያዩት ብዬ የሃሊማን ስም አልጠቀስኩም። ጉድ የሠራኝ ይኸው ጥንቃቄዬ ነው።

በአሥራ አንድ ሰዓት የመጣችው አስቴር ብቻ ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ ከሱቅ የገዛችውን ዳቦ ታቅፋለች።

«ሌሎቹ የታሉ?» አልኳት።

«ምን ነካሽ? እነሩቂያ ሙስሊም ናቸው፤ እነማርታ ጴንጤ። ለማርያም ማኅበር ምን ብለው ይመጣሉ? ዛሬ ሃያ አንድ አይደል እንዴ!»

ጋሽ ወርቁ ካውያቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሳቃቸው ሲያልፍላቸው ያልጠበቅሁትን ነገር አወሩኝ። በዋልዳ የስደተኞች ካምፕ በኩል አልፈው እዚህ ከመቅረታቸው በፊት፣ አገር ቤት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ።

«እኛም በስም ተቸግረናል፣ ልጄ። የሠራተኛ ማኅበር ማለት ያስባርር ነበር። ስለዚህ እድር አልነው። ለሞተ መሰብሰብን ማን ይከለክላል? ስለ ሥራ ሰዓቱም፣ ስለ ጥጡ ብናኝም የምንማከረው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበር። አንድ ቀን የአንዲት ልጅ ፀጉር በማሽን ተያዘና ተባረረች። ያኔ፣ 'እድሩ ላልሞተም ይቁም' ብለን ማሽኑን አቆምን።»

«መለሷት?»

«በሦስተኛው ቀን። ማኅበር የሚለው ስምና ማኅተሙ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ማኅተሙንማ ኋላ መንግሥት የራሱን ሰዎች አስቀምጦ ወሰደው። ያቺን ቀን ግን ማን ይወስድብናል?»

አራት ዓመት ታሪክ ስማር ይህን የነገረኝ አልነበረም።

«እኔስ ምን ልበላቸው? በስዋሂሊ ቻማ ብላቸው ዕቁብ ይመስላቸዋል» አልኳቸው።

«ሃሊማ በያቸው። ደግሞ በወረቀት አይደለም፤ በአፍሽ።»

ከአስቴር ጋር በቦዳ ቦዳ ሞተር የቀሩት ስድስት ሰፊዎች ቤት ሄድን። ዳቦዋን አልለቀቀችም። ሩቂያ በር ከፍታ ስታየን፣ «እንዴ! ማኅበሩ ቤቴ ድረስ መጣ?» ብላ ሳቀች። የሃሊማን ነገር ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። «ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትይም?» አለችኝ።

አማርኛውን በኦሮምኛ፣ ኦሮምኛውን በስዋሂሊ እየሞላሁ በየበሩ ያንኑ ደገምኩ። መጀመሪያ ላይ ስደናቀፍ አስቴር ትጨርስልኝ ነበር። አራተኛው በር ላይ አስቴርን፣ «ቆይ፣ እኔ ልናገር» ስላት ራሴን ታዘብኩት። አምስቱ እሺ አሉ። ማርታ ብቻ፣ «ባሌ ሥራ የለውም። እስቲ አስቤበት ልደር» አለች። አልተጫንኳትም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ጽጌ አዲሷን ልጅ ይዘው ገቡ። ከጎልቦ ገጠር የመጣች፣ ሻንጣዋን እንኳ ገና ያላስቀመጠች ልጅ ናት። አሳዘነችኝ። ቢሆንም ተነሣሁ።

«እትዬ ጽጌ፣ የሃሊማ ቦታ ካልተጠበቀላት ዛሬ አንሰፋም» አልኩ።

«አንቺ ነሽ የምትናገሪው? ዓመት ሙሉ ድምፅሽን ሰምቼው አላውቅም እኮ! ለመሆኑ ስንት ናችሁ?»

ወደ ማርታ ዞርኩ። እጇን ከመኪናው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ከሃሊማ ጋር አሥር።»

እትዬ ጽጌ የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ አዩ። መልሳቸውን አልጠበቅሁም። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ለሃሊማ ደወልኩና፣ «ጣትሽን አሳርፊ፤ ስትድኚ መኪናሽ ላይ ትቀመጫለሽ» አልኳት።