ውሃ ሲነካው የሚጮኸው

ኮልፌ ባለችው ሱቄ ተማሪዎች ለሚገጣጥሟቸው ሮቦቶች ሴንሰር እሸጣለሁ። ዛሬ አንዲት ተማሪ የውሃ ሴንሰር ጠየቀችኝ። መሥራቱን ላሳያት ጣቴን በምራቄ አርሼ ጫን ሳደርገው ጢጥ አለ። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን የልጅነቴ ወንዝ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ቀራንዮ ከጓሯችን ባለው ወንዝ ዳር፣ ጎረቤታችን አባባ ተሰማ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት እንጨት ተክለው ነበር። ውሃው ጨርቁን ከነካ መሻገር የለም። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች የምትሻገረው በዚያው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት የጭቃ ሽታ ከወንዙ ላይኛው በኩል መጣ። "እዚህ አልዘነበም ብለህ አትዘናጋ" አሉኝ አባባ፤ "ወንዝ አንኳኩቶ አይገባም።" ወዲያው ጨርቁ ራሰ። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ከማዶ ዳር ደርሳለች። "ተመለሽ!" ብዬ ብጮህ የወንዙ ድምፅ ጩኸቴን ዋጠው። መዳፌን ወደ ታች አድርጌ ሁለት እጄን አራገብኩላት። እሷም ጫማዋን አውልቃ ገባች።

"አንተ ልጅ፣ እጅህን ሰብስብ! ነይ እያልካት እኮ ነው!" አሉ አባባ፣ ወደ ውሃው እየሮጡ። ከዘራቸውን ዘርግተው አወጧት። እስከ ደረቷ ርሳ "ምን ሆነህ ነው እንዲያ የጠራኸኝ?" አለችኝ። ዛሬም ሰማይ ሲጠቁር እጄን ኪሴ እከታለሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሴንሰር ወንዝ ሲሞላ ሰው ያስጠነቅቃል?" አለች ተማሪዋ።

"መጮኹን ይጮኻል" አልኳት። "ነይ ማለቱ ይሁን ተመለሽ ግን አይናገርም።"