አቧራ የመሰለኝ ሰማይ

ፒያሳ ፎቶ ቤት ስሠራ፣ አቧራ በፎቶ ላይ የሚተወውን ነጭ ነጥብ በቀጭን ብሩሽ ማጥፋት የኔ ድርሻ ነበር። አንድ የአራት ኪሎ አስተማሪ ከግቢያቸው ሆነው በቴሌስኮፕ ያነሱትን ፊልም ለአሠሪዬ ሰጡ። ፎቶው እኔ ዘንድ ሲደርስ ጥቁር ነበር፤ ነጭ ነጥብ ሞልቶበታል፣ መሐሉ ላይም ጭስ የመሰለ እድፍ አለ። ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሬ ሁሉንም በጥቁር ቀለም ሸፈንኩት።

አስተማሪው ተቀብለውኝ ፎቶውን ገልብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ኮከቦቹስ? ስንት ሌሊት የጠበቅኩት የጠፈር ጋዝ ደመናስ?»

«ሰማዩን ጠርጋ አስረከበችዎት» አሉ አሠሪዬ።

ደግነቱ ፊልሙ አልተነካም፤ ጨለማ ክፍል ገብቼ እንደገና አተምኩት። ወረቀቱ በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ሲጠቁር ነጥቦቹ አንድ በአንድ ነጭ ሆነው ብቅ አሉ። ያን ቀን ብሩሽ አልነካሁም።