ባቡር የገባበት ክፍል

ፍኖተ ሰላም ባቡር የላትም። ቡሬም የላትም። በሁለቱ መካከል ያለው አስፋልቱ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ፣ አለዚያም የፈረስ ጋሪው ነው። እኔ ግን ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ማንኩሳን አልፎ ቡሬ የሚገባ ሐዲድ ዘርግቻለሁ። ሐዲዱ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው፤ ዳገቱ ጋዜጣና የዱቄት ሙጫ፤ ሣሩ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። ጎረቤቴ እሑድን ሙሉ የፈረንጅ ኳስ እያየ ሲጮህ ሲውል እኔ አንድም ቀን ስቄበት አላውቅም።

የምተዳደረው ደብተርና እስክርቢቶ እየሸጥኩ፣ ፎቶ ኮፒ እያነሣሁ ነው። ነገሩም የተጀመረው ከሱቁ በተረፈ ካርቶን ነበር። አንድ ክረምት ተማሪ ተበትኖ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ቁጭ ብዬ ስውል፣ ሰዎች በየቤታቸው የሠሯቸውን ትንንሽ ባቡሮች ስልኬ ላይ አየሁ። እውነተኛ ባቡር በዓይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አዲስ አበባ ለሕክምና ሄጄ፣ ከራሴ በላይ ባለ ድልድይ ሲያልፍ ነው። ቢሆንም እስቲ ልሞክረው አልኩ። ልሞክረው ብዬ የተውኩት ነገር ደግሞ የለኝም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚወዱ ያገራችን ሰዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን አለ። ስማችንን ትተን በከተማችን ነው የምንጠራራው። እኔ "ፍኖተ" ነኝ። "ድሬ" የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ፤ የሚናገሩት ትንሽ ነው፤ የተናገሩት ግን ለሳምንት ይበቃል። "ቡሬ" የምንለው ደግሞ እዚያው ቡሬ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያስተምር ሰው ነው። የቀሩት አብዛኞቹ አዲስ አበቤዎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም የደረሰበትን ፎቶ ይለጥፋል። ወጉ ያለቀለትን ማሳየት አይደለም፤ ሙጫው ያልደረቀውን፣ የተጣመመውን፣ የፈረሰውን ጭምር ነው። ሁልጊዜ ያማረ የተዋበውን ብቻ የሚልክ ሰው ሲመጣ ድሬ "ይኼ ሰው ሠርጉን እንጂ ሽምግልናውን አያሳየንም" ይሉታል።

ታናሽ ወንድሜን ወደዚህ ቡድን ያስገባሁት እኔው ነኝ። ከማንኩሳ ወዲያ በሚገኘው መንደራችን ከአባታችን ጋር ያርሳል። እናታችን ካረፈች በኋላ አባቴ በአንድ ጓሮ ከወንድሜ ጋር ቢኖሩም ጎጇቸው ለብቻ ነው፤ እሳታቸውንም ብቻቸውን ነው የሚሞቁት። ስለዚህ እኔ ዘንድ ይምጡና ይኑሩ ብዬ መለመን ጀመርኩ። ሱቁን ስከራይም ከጀርባው ክፍል ያለውን የመረጥኩት ለእሳቸው ስል ነው። ግድግዳውን አስለስኜ፣ ቀለም አስቀብቼ ጠበቅሁ።

አባቴ እምቢ አላሉም። "እስቲ መኸሩ ይግባ" አሉ። መኸሩ ገባ። "እስቲ ላሚቱ ትውለድ" አሉ። ወለደች። "እስቲ ፋሲካ ይለፍ" አሉ፤ ፋሲካም አለፈ። ክፍሉ ባዶውን ከረመ። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አስገባሁ፣ ለጊዜው ብዬ። ከዚያ ፍኖተ ሰላም አልበቃ አለች፤ ማንኩሳ ተጨመረች። ማንኩሳ ላይ ደርሶ ቡሬን መተው ደግሞ ነውር ሆነብኝ። ጠረጴዛው እንደ ዱባ ሐረግ እየተሳበ ሄዶ ከግድግዳ ግድግዳ ደረሰ፤ በመጨረሻ እኔ ራሴ በጎኔ ካልሆነ መግባት አቃተኝ።

እስከዚያ ድረስ የምልከው ፎቶ ከቅርብ የተነሣ ነበር፦ አንድ ድልድይ፣ አንድ ፉርጎ፣ ከመጥረጊያ ጭራሮ የሠራሁት ባሕር ዛፍ። አንድ ቅዳሜ ግን በሩ ላይ ወንበር አቁሜ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቼ፣ ክፍሉን ባንድ ጊዜ አነሣሁት። የበቆሎው ማሳ፣ የማንኩሳ ገበያ፣ ወደ ቡሬ የሚወጣው ዳገት፣ ሁሉም ገባ። ባዶ የቀረ ክንድ የምታህል ወለል አልነበረችም። ድሬ ከሥሩ "አገር ሆነ" ብለው ጻፉ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ጥሩ ሰው መስሎ ታየኝ፤ ለባለዕዳዎቼ እንኳ ሣቅሁላቸው።

በሳምንቱ ወንድሜ ደወለ።

"እታለም፣ ክፍሉን አባባ አዩት።"

"የቱን ክፍል?"

"የላክሽውን ፎቶ። እኔ ነኝ ያሳየኋቸው፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ።"

"እና ምን አሉ?"

"'ደግ አድርጋለች፤ ባዶ ቤት አይጥ ያረባል' አሉ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም። ስልኩን መለሱልኝና ወደ ከብቶቹ ሄዱ።"

ለሌላ አገር ሰው ይህ ምርቃት ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የእሳቸው ልጅ ነኝ። አባቴ በሬ ሊዋስ የመጣን ሰው "አልሰጥም" ብለውት አያውቁም። አስቀምጠው፣ አብልተው፣ አጠጥተው፣ ወደ በረት ይወስዱትና የበሬውን ጫንቃ ያሳዩታል። ሰውየው የቆሰለውን ጫንቃ ያያል፤ "እግዜር ይማረው" ይላል፤ መርቆ ይሄዳል። እምቢታም አልተነገረ፣ ማንም አላፈረ። እንግዲህ እኔ ለባቡር ወዳጆቼ የላክሁት ፎቶ ለአባቴ የበሬው ጫንቃ ሆነባቸው። ልጄ "አይምጡ" ማለት ከብዷት ክፍሉን አሳየችኝ አሉ በልባቸው።

በስልክ ላስረዳቸው አስቤ ነበር። ምን ብዬ ነው የማስረዳው? "አባባ፣ እኔ እንዲያ ማለቴ አልነበረም" ብላቸው "ማን ምን አለሽ ልጄ?" ነው የሚሉኝ። እውነታቸውንም ነው፤ ማንም ምንም አላለም። ያልተነገረ ነገር እንዴት ይስተባበላል?

አባቴ ገበያ ሲወጡ ከሱቄ ሳይደርሱ አይመለሱም ነበር። ዘንቢላቸውን ከባንኮኒው ሥር አኑረው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ አውርተው ነው የሚሄዱት። ከዚያ ስልክ በኋላ በመጣው ገበያ አልመጡም። ዝናቡ ነው አልኩ። በቀጣዩ ገበያ ደብተር ልትገዛ የመጣች የመንደራችን ሴት "አባትሽን አሁን ገበያ ውስጥ አየኋቸው፤ ደኅና ናቸው" አለችኝ። ሱቁን ዘግቼ ሮጥኩ። የጨው ተራ፣ የበርበሬ ተራ፣ የከብት ተራ ብል የሉም፤ ሄደዋል። የዚያን ቀን ከፋኝ። አባቴ ከገበያ መሃል ዘንቢላቸውን እንደያዙ፣ የሚያሳርፉበት አጥተው ሲቆሙ ታየኝ፤ ደጃፌ እያለ።

ማታ ለቡድኑ ጻፍኩ። የአባቴን ነገር አልዘረዘርኩም። "ክፍሉ ውስጥ አልጋ መግባት አለበት፤ ባቡሩም እንዲኖር እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?" አልኩ። አንዱ አዲስ አበቤ "ሌላ ክፍል ተከራዪያ" አለኝ። "ኪራዩን አንተ ትከፍላለህ?" አልኩት። ሌላው ጠረጴዛው እንዲታጠፍ መከረ። አንዲቷ እንዲህ ያለ ሥራ ማፍረስ ኃጢአት ነው አለች። ድሬ ጠዋት ላይ መጡና አንድ ቃል ጻፉ፦ "ስቀዪው።"

ከዚያ ፎቶ በፎቶ ሆንን። ሐዲዱን በመደርደሪያ ላይ አድርጎ በአራቱም ግድግዳ ማዞር እንደሚቻል ያላሰብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህ የመደርደሪያውን ሥዕል፣ ያ በበሩ በላይ የሚያልፈውን ድልድይ አሠራር ላከልኝ። ቡሬ ደግሞ ሥዕል አልላከም፤ እሑድ መሰርሰሪያውንና ውሃ ልኩን በከረጢት ይዞ ከሚኒባስ ወረደ። ከዚያ በፊት በአካል ተያይተን አናውቅም ነበር። ከሰላምታው አስቀድሞ ቀና ብሎ ግድግዳዬን በጣቱ አንኳኳና "ይይዛል" አለ።

መቁረጡን ግን ለእሱ አልሰጠሁትም። መጋዙን ራሴ ያዝኩ። ለመደርደሪያው የሚበቃው ሁለት ስንዝር ስፋት ብቻ ስለሆነ መሃሉ በሙሉ ይወጣል፦ ማሳው፣ ዳገቱ፣ ሁለት ክረምት የለፋሁበት የማንኩሳ ገበያ። ጋዜጣው ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አለቀስኩ። ለካርቶን አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ቡሬ አይቶ እንዳላየ ሆኖ ሽቦውን ይቀጥል ነበር። በሁለት እሑድ ሐዲዱ ግድግዳ ላይ ወጣ።

ከዚያ አልጋ ገዝቼ አስገባሁ። ፍራሹን አነጠፍኩ፤ ጋቢ ደረብኩበት፤ ትራስ አደረግሁ። እንደገና ወንበሩ ላይ ወጥቼ ክፍሉን ባንድ ጊዜ አነሣሁት፤ ከላይ ባቡሩ፣ ከታች አልጋው። "የዚህ ሳምንት ሥራ" ብዬ ለቡድኑ ለጠፍኩ። ለወንድሜ ግን አልደወልኩም፤ ከቡድኑ ማየቱ አይቀርም። አባቴ በቃል ካልወቀሱኝ እኔም በቃል አልመልስላቸውም አልኩ። እልኽ ነው፤ ከማን እንደወረስኩት ግን ይታወቃል።

በቀጣዩ ገበያ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አባቴ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"እንዴት ከረምሽ ልጄ?"

"እግዜር ይመስገን። እርስዎ እንዴት ከረሙ?"

ዘንቢላቸውን ከባንኮኒው ሥር አኖሩ። ሻይ አዘዝኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፤ ስለ በቆሎው አወራን። ስለ ክፍሉ እኔም አላነሣሁ እሳቸውም አላነሡ። ሻዩ ሲያልቅ "እስቲ ያንን ባቡርሽን አሳዪኝ" አሉ።

ገቡ። አልጋውን አዩት፤ ከዚያ ቀና ብለው ሐዲዱን አዩ፤ ከዚያ መልሰው አልጋውን አዩ። ጫፉ ላይ ተቀመጡና ፍራሹን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። መብራት ነበር፤ ማብሪያውን ተጫንኩ። ባቡሩ ከፍኖተ ሰላም ተነሣ፤ በበሩ በላይ አለፈ፤ በአባቴ አናት ዞሮ ቡሬ ገባ። አንገታቸው አብሮት ዞረ።

"ማን ነው የሚነዳው?"

"ማንም፣ አባባ። በኤሌክትሪክ ነው።"

"ማንም ሳይነዳው እንዲህ በሥርዓት ከሄደ ደግ ነው" አሉ።

እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ያባቴ ልጅ ብሆንም የከተማ ሰው ሆኛለሁ። "መቼ ነው የሚመጡት ታዲያ?" አልኳቸው፤ በቀጥታ።

"ወዴት?"

"ወደዚህ። ወደ ክፍልዎ።"

አባቴ ሣቁ። "ኧረ እኔ አልመጣም ልጄ። ከብቱን ትቼ፣ እርሻዬን ትቼ፣ የእናትሽን መቃብር ትቼ የት አባቴ እገባለሁ?"

ለዓመታት ስለምናቸው የኖርኩበት ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ተናደድኩ። "ታዲያ ለምን ተቀየሙኝ? ለምን ደጄን አልፈው ሄዱ?"

የባቡሩን መዞር በዓይናቸው ተከተሉ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ጋቢውን እያዩ ተናገሩ።

"የማልመጣበትም ቢሆን ቦታ ይኑረኛ። አየሽ፣ ሰው ማታ እቤቱ እንቅልፍ የሚወስደው ልጄ ዘንድ ቦታ አለኝ ብሎ ነው። ያንን ፎቶ ካየሁ ወዲህ እኔ እንጃ፤ አልተኛም ነበር።"

ጎናቸው ተቀመጥኩ። ባቡሩ መሄዱን አልተወም፤ ማጥፋቱንም ረሳሁት።

አባቴ እስከ ዛሬ አንዲት ሌሊት አላደሩበትም። ገበያ ሲወጡ ጋደም ይላሉ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዘንቢላቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። እኔ በየሳምንቱ አንሶላውን አነሣለሁ፣ አራግፋለሁ፣ መልሼ አነጥፋለሁ። ቅዳሜም ፎቶዬን እልካለሁ።

ባለፈው ሰሞን አዲስ የገባ ልጅ ከፎቶዬ ሥር አስተያየት ሰጠኝ። ባለሙያ ነው፣ ጥሩ ያስባል። አልጋውን ባወጣው በክፍሉ መሃል ሁለተኛ ሐዲድ ይገባል፤ የተቆረጠው ገበያም ይመለሳል አለ። "ደግሞ በየፎቶው እያየሁት ነው፤ ማንም አይተኛበትም" ብሎ ጻፈ።

"ሰው አለው" ብዬ መለስኩለት።